ስለ ዝርዝር ገንዘብ፤ ከማርትሬዛ እስከ ባለ ሚዛኗ ብር

በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር የምትውለውን የአንድ ብር ሳንቲም ገልብጦ የሚመረምር ነጋዴ እምብዛም አይገኝም። ተቀብሎ ወደ መሳቢያው ይጥላታል፤ ከመሳቢያውም አውጥቶ ለሌላው ይመልሳታል፤ ከዚህ ያለፈ ጉዳይ የለውም። ይሁን እንጂ በአንደኛው ገጿ የአንበሳ ራስ፥ በሁለተኛው ገጿ ሚዛን የተቀረጸባት ይህች ትንሽ ብረት ከኋላዋ ረዥም ታሪክ አላት፤ ከታሪኳም የሚበልጠው ክፍል የገበያ ታሪክ ነው። እኔ በጂንካ ከተማ ማርና ቅቤ፥ ፍየልና እህል ለሚነግዱ አንድ ባለ ሱቅ ደብዳቤ ጸሓፊና ሒሳብ መዝጋቢ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዝርዝር ገንዘብ ሲገኝም ሆነ ሲጠፋ በንግድ ላይ የሚያመጣውን ነገር በመዝገቤ ላይ ስለማየው፥ ለክቡራን አንባቢያን ጥቂት ለማስረዳት አሰብሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ መናገር ይገባል። ብር ማለት የማዕድኑ ስም ነው። ዛሬ በኪሳችን ያለችው ሳንቲም ውስጥ አንዲት ፍንጣቂ ብር ባይኖርባትም፥ ስሙ ግን ከዚያ ዘመን ተርፎ ከእኛ ጋራ ቀርቷል፤ ያም ዘመን ጠገራ ብር የነገሠበት ዘመን ነው።

ጠገራው ወይም ማርትሬዛው የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው የማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ዓመት ሞተች። ከዚያ በኋላ የተመታው ገንዘብ ሁሉ፥ በስንት ዘመን ቢመታ፥ ያንኑ 1780ን እንደ ያዘ ቀረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከ1000 እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነበረ። በአንደኛው ገጽ ወፈር ያለችው ሴት ከነመሸፈኛዋና ከነጌጧ፥ በሌላው ገጽ ሁለት ራስ ያለው ንስር ይታያል፤ በጠርዙም ዙሪያ ጽሑፍ አለበት። ያገራችን ሰው የላቲኑን ፊደል ማንበብ ባይችልም በጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ ይቈጥር ነበር። ዕንቍው የደበዘዘ፥ መልኩ የጠፋ ወይም ጠርዙ የተፋቀ እንደ ሆነ አይቀበልም። ይህ አጉል ጥርጣሬ አልነበረም። ፊደል ያልቈጠረ ሻጭ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለይበት ሌላ መሣሪያ ስላልነበረው፥ የገንዘቡ መልክ ራሱ ደብዳቤው፥ ማኅተሙም ነበረ።

የዚህ እምነት ጽናት ምን ያህል እንደ ነበረ ለማወቅ ሁለት ነገር ማስታወስ ይበቃል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምቱ፥ በመንገዳቸው ላይ ያለው ሕዝብ ከማርትሬዛ በቀር ሌላ ገንዘብ የማይቀበላቸው ስለ ሆነ፥ ለስንቅና ለአጋሰስ የሚከፍሉትን ጠገራ ከቪየና እያሠሩ ለማምጣት ተገደዱ። ኢጣሊያም ኢትዮጵያን ለመውረር በተሰናዳችበት ዘመን የገንዘቡን መምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮማ ማሠራት ጀመረች፤ ወዲያውም እንግሊዞች በለንደን ይመቱት ጀመር። ያገራችን ገበሬ ጠርዝ እየዳሰሰ «ይህን አልወስድም» ማለቱ፥ እነዚህን ታላላቅ መንግሥታት የሞተች ንግሥት መልክ እንዲቀርጹ አስገደዳቸው ማለት ነው።

ነገር ግን ጠገራው አንድ ትልቅ ጕድለት ነበረበት፤ ይኸውም ዝርዝር የለውም። በአንድ ጠገራ ብዙ እህል ይገዛል፤ አንድ እንጀራ፥ አንድ እፍኝ በርበሬ የሚፈልግ ሰው ግን ምን ይስጥ? ለዚህ ጉዳይ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነበረ። አሞሌው ከአፋር በረሓ ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከተጠረበበት ቦታ በራቀ መጠን ዋጋው ከፍ ይላል። ዝናም ካገኘው ይሟሟል፤ ከተሰበረም ዋጋው ይወርዳል፤ ቢቸግር ደግሞ ይበላል። በአንዳንድ አገር የጠመንጃ ጥይት እንደ ዝርዝር ይቈጠር ነበር። እንግዲህ ዛሬ በየሱቁ «ዝርዝር የለም» የሚባለው ቃል አዲስ ነገር አይደለም፤ ከገንዘባችን ጋራ አብሮ የተወለደ ችግር ነው።

ይህን ችግር በአገር ገንዘብ ለመፍታት የተነሡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በ1885 ዓ.ም. በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንደሚወጣ አስታወቁ። ገንዘቡም በፓሪስ ተመትቶ 1887 የሚል ዓመት ተጻፈበት። ባንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ከነዘውዱ፥ በሌላው ወገን ዘውድ የደፋ አንበሳ ነበረበት። ጠገራውን ለመተካት የታሰበ ስለ ሆነ ክብደቱም 28 ግራም ያህል፥ ብሩም ከ1000 እጅ 835 እጅ ተደረገ። ከሙሉው ብር በታች አላድ የሚባለው የብር ግማሽ፥ ሩብ፥ ተሙን የሚባለው ስምንተኛው እጅ፥ ጊርሽ፥ ከመዳብ የተሠራው ቤሳም ነበሩ። ባላገሩ ግን ትልቁን የምኒልክ ብር ቶሎ አልለመደውም፤ «የሴትዮዋን ስጠኝ» እያለ ቈየ። ንዑሳኑ በከተሞች ቀስ በቀስ ገቡ። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል፤ ማርትሬዛን የሚተካ ትልቅ ገንዘብ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ዝርዝር ግን ሁሉም ይፈልግ ነበር። ቤሳ ዛሬ በእጅ ባትገኝም በአፋችን ላይ አለች፤ ገንዘብ ያጣ ሰው ቤሳ ቤስቲን የለኝም ማለቱን አልተወም።

ስለ ስም ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ተሙንም ስሙኒም ስምንተኛ እጅ ከሚለው የዐረብ ቃል ጋራ የተዛመዱ ናቸው። ዛሬ ስሙኒ የምንለው ግን 25 ሳንቲም፥ ማለት የብር ሩብ ነው። አምሳ ሳንቲሙንም ሽልንግ የምንለው፥ ከኢጣሊያ መባረር በኋላ በአገራችን ሲሠራበት የነበረው የምሥራቅ አፍሪቃ ሽልንግ ሁለቱ በአንድ ብር ስለ ተመነዘረ ነው። ሽልንጉ ከገበያ ከወጣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስሙ ግን ከእኛ አልወጣም።

በ1923 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በኢትዮጵያ ባንክ ሲተካ ብሩ በ100 ማቶኛ ተከፍሎ የኒኬልና የመዳብ ሳንቲሞች ወጥተው ነበር፤ ወዲያው ወረራው መጣና ሊሬ ተከተለ። ስለዚህ ወደ ዋናው ነገር እንለፍ።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ዋለ። ለዚሁ የተሰናዱት ሳንቲሞች መጀመሪያ የተመቱት በአሜሪካ በፊላደልፊያ ሲሆን፥ የ1፥ የ5፥ የ10ና የ25 ሳንቲሞቹ ከነሐስ፥ አምሳው ሳንቲም ግን ከ1000 እጅ 800 እጁ ብር ሆኖ ተሠራ። በአንደኛው ገጽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ፥ በሁለተኛው ገጽ መስቀል ያለበት ዘንግ የያዘ አንበሳ ተቀረጸ። ዓመቱም 1936 ተብሎ ተጻፈ። ልብ ማለት የሚገባው፥ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት የተመቱት ሳንቲሞች ሁሉ ይህንኑ 1936ን ይዘው መውጣታቸው ነው። ማርትሬዛ በ1780 እንደ ቆመች፥ የእኛም ሳንቲም በ1936 ቆመች። ሕዝብ የለመደው መልክ እንዳይለወጥበት ከማሰብ ይመስላል፤ አሳቡም ለነጋዴ የሚስማማ ነው።

ከዚህ ዘመን ሁሉ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን የስሙኒ ነገር ነው። መጀመሪያ የወጣው የ25 ሳንቲም ክብ ነበረ፤ መጠኑም ከብሩ አምሳ ሳንቲም ጋራ ተቀራራቢ ነው። በቀለም አንደኛው ቀይ፥ ሁለተኛው ነጭ ስለ ሆኑ ችግር አይኖርም ተብሎ ታስቦ ይሆናል። ነገር ግን ተንኰለኞች ነሐሱን ስሙኒ ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ለባላገሩ ያቀብሉት ጀመር። ማታ በኵራዝ ብርሃን፥ በገበያ ግርግር መካከል፥ ማን ይለየዋል? መንግሥትም በ1944ና በ1945 ዓ.ም. ክቡን ስሙኒ አስወጥቶ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ገባ ወጣ ያለውን ስሙኒ አወጣ። ከዚያ በኋላ ብር ቢቀቡትም ወርቅ ቢቀቡት ጣት የነካው ሁሉ ስሙኒ መሆኑን ያውቃል። ዐይነ ስውሩም፥ ፊደል ያልቈጠረውም፥ ጨለማ ላይ የሚገበያየውም ዳነ። ገንዘብ ስለ መቅረጽ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ስለ ንጉሥ መልክና ስለ አንበሳ ብዙ ይላል፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ የስሙኒ ጠርዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ በ1969 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞች የንጉሡን መልክ አስወግደው የአንበሳን ራስ አደረጉ። ዓመቱም በግእዝ ቍጥር ፲፱፻፷፱ ተብሎ ተጻፈ። በአንድ ሳንቲም ላይ በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ፥ በአምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፥ በአሥሩ ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን፥ በስሙኒው ላይ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሡ ወንድና ሴት፥ በአምሳው ላይ የሕዝብ ጉባኤ ተሣለ። አንዱ ሳንቲም ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ እንደ ላባ ይቀላል፤ አምስቱና አሥሩ ቢጫ ናስ፥ ስሙኒውና ሽልንጉ ነጭ ናቸው። ገበያተኛው በቀለም ይከፍላቸዋል፤ ከዚያ በመጠን ይለያቸዋል። የተንኰለኛውን መንገድ የዘጋው ባለ ቅጠል ጠርዝ ግን በዚህ ጊዜ ቀረ።

አሁን ወደ እኛ አገር ልመለስ። በበና ሰዎች አገር አልዱባ በምትባለው ቦታ ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ ይቆማል። በናው ማርና ቅቤውን፥ ፍየሉን ይዞ ይመጣል፤ ሐመሩም ይመጣል፤ አሪው የደጋ እህሉንና ቡናውን ያወርዳል። ከጂንካ የምንወጣው ነጋዴዎች ደግሞ ጨውና ሳሙና፥ ምላጭና ጨሌ፥ ላስቲክ ጫማና የባትሪ ድንጋይ እናቀርባለን። ዋጋው ሁሉ ጥቃቅን ነው፤ ሻጩም ገዢውም ብዙ ነው። አንዲት የበና እናት ያመጣችውን ቅቤ ከሸጠች በኋላ በዚያው ሰዓት ጨው፥ ጨሌ፥ ትንባሆ፥ የቡና ገለባም ትገዛለች፤ አንዱ ገንዘብ በአንድ ቀን አምስትና ስድስት እጅ ይዞራል። ስለዚህ በአልዱባ ዝርዝር ከጠፋ ገበያው ይቆማል ማለት ማጋነን አይደለም።

የወረቀቱ አንድ ብር በዚህ ገበያ ዕድሜው በጣም ያጠረ ነበር። የበናና የሐመር ሴቶች ጠጕራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ስለሚቀቡ፥ እጃቸው የነካው ወረቀት ሁሉ ቅባትና ቀይ ቀለም ይይዛል፤ ኪስም የለ፥ በቆዳው ልብስ እጥፋት ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሁለትና ሦስት ወር ሳይቈይ ጨርቅ ይሆን ነበር። ጐብኚዎች ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲመጡ ለአንድ ሥዕል አንድ ወይም ሁለት ብር ይከፍሉ በነበረበት ጊዜ፥ ሰዎቹ አዲስ ካልሆነ አንቀበልም ማለታቸው እንግዶቹን ያስገርማቸው ነበር። የሚያስገርም ግን አልነበረም፤ ያን ያሮጀ ወረቀት ይዘው ወደ ሱቅ በመጡ ጊዜ ባለ ሱቁ «ይህ ተቀዷል» ብሎ እንደሚመልስባቸው ያውቁ ነበር። ማርትሬዛን በጣታቸው ይመረምሩ የነበሩት አባቶች ያደረጉትን አደረጉ።

በ2002 ዓ.ም. የወጣችው የብረት አንድ ብር ስለዚህ ለእኛ አገር በረከት ሆና መጣች። አትቀደድም፤ ቅባት ቢነካት ትታጠባለች። በጀርባዋ ያለው ሚዛንም ለገበያ ሰው ተርጓሚ አያሻውም። በአልዱባ ሽማግሌዎች ብሯን በአውራ ጣታቸው እያገላበጡ ሚዛኑን ሲፈልጉ አይቻለሁ፤ ሚዛኑን ካገኙ ብር ናት። ከቀድሞዎቹ ስሙኒዎች ደግሞ አንዳንዶቹ ተበስተው በልጃገረዶች አንገት ላይ ከጨሌው ጋራ ተሰክተው ይታያሉ፤ ገንዘብነታቸው አልቆ ጌጥነታቸው ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ዋጋ እየናረ ሲሄድ፥ ይልቁንም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ አንድ ብር የምትገዛው ነገር እጅግ አነሰ። ነገር ግን የምትገዛው አነሰ ማለት የማታስፈልግ ሆነች ማለት አይደለም። የጨው ዋጋ 23 ብር፥ የሳሙና ዋጋ 37 ብር ከሆነ፥ ሁለትና ሦስት ብር መመለስ የግድ ነው። ብዙ ባለ ሱቆች ግን ሳንቲም መሰብሰብን እንደ ድካም ቈጥረው በመልሱ ፋንታ ከረሜላ ወይም ማስቲካ መስጠት ለመዱ።

ባንድ የገበያ ቀን በአልዱባ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ የበና እናት በመልስ ፋንታ የተሰጣቸውን ከረሜላ ሳይበሉ ሲያጠራቅሙ ከርመው፥ 12 ፍሬ በቅጠል ጠቅልለው ወደ ሰጣቸው ባለ ሱቅ አመጡና ጨው እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ባለ ሱቁ ሣቀ። ቋንቋቸውን የሚያውቅ አንድ ወጣት በመካከል ሆኖ ሲያስተረጕም፥

«እናቴ፥ ይህ እኮ ገንዘብ አይደለም፤ የሚበላ ነገር ነው» አላቸው ነጋዴው።

«ልጄ፥ አንተ ስትሰጠኝ ብር ነው ብለህ አልነበረም ወይ? ብር ከሆነ ተቀበለኝ፤ ካልሆነ የኔን ብር መልስልኝ» አሉት።

ለዚህ መልስ አልተገኘም። እናቲቱም ከረሜላውን በዚያው ትተው ሄዱ። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ እሳቸውና አብረዋቸው ከአንድ መንደር የሚመጡት ሴቶች ቅቤያቸውን ለዚያ ሱቅ አልሸጡም፤ ማሩንም እንዲሁ። የአንድ ሳምንት የቅቤ ግዢ መቅረት የስንት ከረሜላ ዋጋ እንደ ሆነ የሒሳብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሒሳቡን በሌላ ወገንም ማየት ይቻላል። አንድ ሱቅ በገበያ ቀን ለ40 ሰው ለእያንዳንዱ አንድ ብር ብቻ ሳይመልስ ቢቀር፥ በዓመት በሚውሉት 52 ማክሰኞዎች 2080 ብር ይሆናል። ለሱቁ ትልቅ ትርፍ አይደለም። ከዚያ ውስጥ የከረሜላው ዋጋ ሲቀነስ ደግሞ ያንሳል። ለአንዲት ቅቤ ሻጭ ግን በየሳምንቱ ከሦስትና ከአራት ሱቅ የቀረባት ብር ተደምሮ የጨው ዋጋ ነው። መዝገብ ስለሌላት አትጽፈውም እንጂ አትረሳውም።

አሠሪዬ ይህን ነገር በነገርኋቸው ጊዜ ብዙ አልተናገሩም። «ጸሓፊ፥ ሳንቲሙ ወዴት ነው የሚጠፋው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሳንቲም አይጠፋም፤ አንድ ቦታ ይከማቻል። በአዲስ አበባ በታክሲ መቆሚያ ዝርዝር የሚሸጡ ልጆች አሉ፤ ከአሥር ብር ላይ ጥቂት ቀንሰው ይሰጣሉ። በጂንካም ሳንቲሙ የሚከማቸው በሻይ ቤቶች፥ በባጃጅ ነጂዎችና በእህል ወፍጮ ቤቶች ዘንድ መሆኑን ጠይቄ ተረዳሁ። እነርሱ ደግሞ ወደ ባንክ ይዘው ሲሄዱ ቈጥሮ የሚቀበላቸው ሠራተኛ ፊቱን ስለሚያጠቍርባቸው በቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡታል። አንደኛው ወገን በመብዛቱ ሲቸገር፥ ሌላው በማጣቱ ከረሜላ ያድላል።

በአሁኑ ጊዜ በእኛ ሱቅ የሚሠራበት ሥርዓት ይህ ነው። የጂንካ ገበያ በሚውልበት በቅዳሜ ማታ አንድ ልጅ ወደ ሻይ ቤቶቹና ወደ ወፍጮ ቤቱ እየሄደ ሳንቲሙን በወረቀት ብር ይለውጣል፤ ዋጋ አይቀነስም፥ አይጨመርም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ እኔ መቶ መቶውን ቈጥሬ በጨርቅ ከረጢት እቋጥራለሁ፤ በመዝገቡም ላይ ለብቻው ዓምድ ተከፍቶለታል። ማክሰኞ ጧት አምስት ከረጢት፥ በበዓል ሰሞን ስምንት ከረጢት ከጨውና ከሳሙናው ጋራ ወደ አልዱባ ይጫናል። ማታ ስንመለስ ብዙ ጊዜ ሁለት ከረጢት ያህል ይተርፋል። ያም በሚቀጥለው ሳምንት መልሶ ይወጣል።